የማን እናት ናቸው?

ሴትዮዋ ቤታችን የመጡት በባጃጅ ነው። የክረምቱ ማለቂያ ነበር። ጂማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ያለችው የእኛ መንገድ ጭቃ ሆና ባጃጆች እያቃሰቱ ነበር የሚያልፉባት። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች በረንዳው ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እኔ ተመርቄ ሥራ በመፈለግ ላይ ስለነበርኩ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክልላታለሁ። አንድ የሰፈራችን ባለባጃጅ በራችን ላይ አቆመና አንገቱን አውጥቶ፣

“እትዬ፣ እንግዳችሁን ይዤ መጣሁ!” አለ።

“የምን እንግዳ?” አለች እናቴ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን አሮጊት ወረዱ። ግራጫ ሹራብ ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን በነጭ ሻሽ ጥቅልል አድርገው አስረዋል። በሩን ራሳቸው ከፍተው ገቡ። በአጠገባችን ሲያልፉ ጠዋት ወጥቶ እንደተመለሰ የቤት ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉልን። ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው ጎን ለጎን አስተካከሉት፣ ከዚያ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ባለባጃጁ የእናቴን ፊት ሲያይ ደነገጠ። “ዘመዳችሁ አይደሉም እንዴ? መናኸሪያ ነው ያገኘኋቸው። ‘ቤቴ ውሰደኝ’ አሉኝ። የት ነው ስላቸው ‘ቀጥል’ ይላሉ። መታጠፊያ ስንደርስ በእጃቸው ያሳዩኛል። እዚህ ስንደርስ ‘ይኸው’ አሉ። እኔ ምን ላድርግ?”

እናቴ ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። “እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?”

“ማንንም። ቤቴ አይደል እንዴ? አንቺ የማን ልጅ ነሽ?”

እናቴ የአባቷን ስም ነገረቻቸው። ትንሽ አሰቡና፣ “አላውቀውም” አሉ። “ቢሆንም ግዴለም፣ ተቀመጪ።”

በገዛ ቤታችን እንዲህ ከተፈቀደልን በኋላ ምን እንላለን? ምሳ አቀረብን።

ከሰዓት በኋላ እኔና ባለባጃጁ ፖሊስ ጋ ሄደን ነገርን። ተረኛው ፖሊስ መልካም ሰው ነበር። አብሮን መጥቶ ፎቶ አነሳቸው፣ ስማቸውን ጠየቃቸው። ስማቸውን ጠሩ፤ የአባታቸውን ሲጠየቁ ግን እንደገና የራሳቸውኑ ስም ጠሩ። ፖሊሱ ወደ እናቴ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“የጠፋ ሕፃን ቢሆን የምንወስድበት ቦታ አናጣም። ለአረጋዊ ግን… ዘመድ እስኪገኝ ድረስ እናንተ ጋ ቢቆዩ?”

“ታዲያ የት ሊሄዱ ኖሯል?” አለች እናቴ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟት።

ያጠናሁት ሶሲዮሎጂ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሐዘኔ ይልቅ ጉጉቴ ይበልጥ ነበር። ማን ናቸው? ከየት መጡ? ከጂማ በየአቅጣጫው መንገድ ይወጣል፤ ከደዶ ይሁኑ ከአጋሮ፣ ከአዲስ አበባ መስመር ይሁኑ ከሌላ፣ ምንም ፍንጭ የለም። ስለዚህ ሲናገሩ ማዳመጥ ጀመርኩ። አማርኛቸው የሸዋ ነው፤ እንደ አያቶቼ “እንዲያው” ሳይሉ ዓረፍተ ነገር አይጀምሩም። ግቢ ውስጥ የሚጫወቱ ሕፃናትን ሲያዩ ግን ወዲያው ወደ ኦሮምኛ ይዞራሉ፣ “ኮቱ፣ ኮቱ” እያሉ ይጠሯቸዋል። ይህ በጂማ ብርቅ አይደለም፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን።

ግራ ያጋባን ሌላ ነገር ነው። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚተኙት። ጎህ ሲቀድ የመስጊዱ አዛን ሲሰማ ብድግ ይሉና ትከሻዬን ይነቀንቁኛል።

“ተነሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ አዛን ብሏል። ውሃው ተዘጋጅቷል።”

‘ኢንተላ ኮ’ ማለት ‘ልጄ’ ማለት ነው። እሺ ብዬ ቁጭ እስክል አይተዉኝም። ከተቀመጥኩ በኋላ እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው “በስመ አብ” ብለው ያማትባሉ።

ይህን ለጎረቤቶቻችን ስነግራቸው ቤታችን ሸንጎ ሆነ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት፣ ሂርማታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ሙስሊም ጎረቤታችን “አዛን የምታከብር ሴት የኛ ናት” አሉ። የእድራችን ሴቶች ደግሞ “ካማተቡማ የኛ ናቸው” አሉ። ለሳቅ ይመስል ነበር እንጂ ነገሩ ከባድ ነው። እናቴ ሥጋ ልታበላቸው አልቻለችም። የማንን ሥጋ? የክርስቲያኑን ሰጥታቸው ሙስሊም ቢሆኑስ? የሙስሊሙን ሰጥታቸው ክርስቲያን ቢሆኑስ? ሁሉን የረሳ ሰው ማሳሳት በጣም አስፈራት። ስለዚህ ቤታችን በሙሉ ሽሮና ድንች ሲበላ ከረመ። ፎቶአቸውን በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅኩት፤ የሚያውቃቸው አልተገኘም።

እንቁጣጣሽ መጣ። እናቴ “በዓመት በዓል እንኳ ሽሮ አላበላቸውም” ብላ ጎረቤታችንን አማከረቻቸው። ሁለቱ ተነጋግረው በሁለት ሳህን አቀረቡላቸው፤ አንዱ የእኛ ዶሮ ወጥ፣ ሌላው ጎረቤታችን ከቤታቸው ያመጡት ጥብስ። የቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ነገሯቸው።

“እማማ፣ ይኼ የክርስቲያን ነው፣ ይኼ የሙስሊም ነው። የሚበሉትን እርስዎ ይምረጡ።”

አሮጊቷ ሁለቱንም አዩ። የእኛን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ አማትበው ጀመሩ። ጎረቤታችን ፈገግ ብለው የራሳቸውን ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን አሮጊቷ ሳህኑን ያዙባቸው።

“ተዪው። እሱ የልጄ ነው። ስትመጣ ትበላዋለች።” ከዚያም ክዳን ፈልገው ከደኑት።

ለካ ስንጠይቅ የከረምነው የእሳቸውን ሃይማኖት ብቻ ነው፤ የልጃቸውን ማን አስቦት? ጎረቤታችን ቀድመው ገባቸው። “ያ ረቢ! ልጃቸው ሙስሊም ናት!” ብለው ቀጥ ብለው ተነሱ። “ፎቶውን ለእኔ ላኪልኝ። እኔ በኛ በኩል አስፈልጋለሁ።”

ለዘመዶቻቸው ሁሉ ላኩት። ደዶ ላሉት፣ አጋሮ ላሉት፣ አሰንዳቦ ላለው ወንድማቸው። የአሰንዳቦው ወንድም ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ፎቶውን እያዞረ ሲያሳይ አንድ ሰው “እቺማ የሻይ ቤቷ እናት ናት!” አለው። በማግስቱ ያው ባለባጃጅ ልጅቷን ቤታችን አደረሳት።

‘ልጅቷ’ እላለሁ እንጂ ጥቁር ሂጃብ ያደረገች፣ ጎልማሳ ሴት ናት። በር ላይ ስትደርስ “እማዬ!” ብላ ተንበረከከች። አሮጊቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለከቱና ቆጣ አሉ።

“የት ዋልሽ? ቁርስሽን ሳትበዪ እኮ ነው የወጣሽው!”

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። እናቴም አለቀሰች፣ ጎረቤታችን “አልሐምዱሊላህ” ይላሉ፣ ባለባጃጁ ደግሞ አላለቀስኩም ለማለት ወደ ውጭ ወጥቶ ጎማውን ያያል።

ሰው ሁሉ ተረጋግቶ ሻይ ሲቀርብ እኔ አላስችል አለኝ። “እንዴት ነው ግን እሳቸው ክርስቲያን፣ አንቺ…” አልኩ። እናቴ በዓይኗ ገላመጠችኝ። ልጅቷ ግን የለመደችው ጥያቄ ነበር መሰለኝ፣ አልከፋትም።

“የወለደችኝ እናቴ እኔን ተገላግላ ብዙም ሳትቆይ ሞተች” አለች። “አባቴ ቡና ጫኝ ነበር። ሕፃን ይዞ ምን ያድርግ? እሷ ጎረቤታችን ነበረች፤ ባሏ መንገድ ሊሠራ ከሸዋ መጥቶ እዚያው ቀርቶ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። አባቴ ሽማግሌ ሰብስቦ በጉዲፈቻ ሰጣት። ‘ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ ናት፣ ሃይማኖቷን ግን አትንኪብኝ’ አላት። እሺ አለች።”

“ታዲያ እንዴት አደረጉት?”

“ተማረቻ! እሷ ሶላት አታውቅም፣ ሰዓቱን ግን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ውሃ አሙቃ ነበር የምትቀሰቅሰኝ። ቁርአን ቤት ወስዳ ደጅ ትጠብቀኛለች። ቤታችን ውስጥ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ ነበር። ሥጋዬን ከሙስሊሙ ሉካንዳ ገዝታ ለብቻ ትሠራልኛለች።”

“አብራችሁ በልታችሁ አታውቁም ማለት ነው?”

“በጾም ነዋ!” አለች ፊቷ ፈክቶ። “ሁዳዴ ሲገባ ከአንድ ትሪ ሽሮ እንበላለን። ልጅ ሆኜ ሌሎች ዒድ እስኪደርስ ሲቸኩሉ እኔ ሁዳዴ ነበር የምጠብቀው።”

እናቷ የጠፉት እሷ ሻይ ቤቷ ውስጥ ሥራ በዝቶባት ሳለ ነው። ሚኒባስ ላይ ሲወጡ ረዳቱ የሌላ ተሳፋሪ እናት መስለውታል። ልጅቷ “አገሬ፣ አገሬ” ሲሉ ስለሰማች ወደ ሸዋ የሄዱ መስሏት በወልቂጤ በኩል ነበር ስትፈልግ የከረመችው። ለምን የእኛን ቤት መረጡ? እሷም አታውቅም። መንደራ ቆጪ ኖረው አያውቁም። እኔ እስከ ዛሬ ይህን አስባለሁ፣ መልስ ግን አላገኘሁም።

ሲሄዱ እናቴ የሰፋችላቸውን ቀሚስ አለበሰቻቸው። ልጅቷ ግን ሚኒባስ ላይ ሳትወጣ እናቴን ወደ ጎን ወሰደቻት። “አሁንስ ምን ላድርግ? ሥራዬን ብተው ምን እንበላለን? አንዴ በር ቆለፍኩባት። ከውስጥ ስትደበድበው መስማት አልቻልኩም፤ ሮጬ ከፈትኩት።”

እናቴ እጇን ይዛ፣ “ቡና ሲደርስ ሥራ ይበዛብሻል። ያኔ እኛ ጋ አምጫቸው” ብቻ አለቻት።

አላመጣቻቸውም። በኅዳር እናቴ “ሄደሽ እይልኝ” ብላ አሰንዳቦ ላከችኝ። እኔም መንገዱ ዳር ያለው ሻይ ቤት ስደርስ የጠበቅኩት የተጨነቀች ሴት ለማግኘት ነበር። ልጅቷ ግን ተዝናንታ ሻይ ትቀዳለች። እናቷ የሉም።

“የት ሄዱ?” አልኩ ደንግጬ።

“ወጥታለች። ከሰው ጋር ናት፣ አትጨነቂ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች፤ ለባጃጅ ተራው፣ ለሚኒባስ ረዳቶች፣ ለጎሚስታው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፣ ለመስጊዱ ሰዎች። አሮጊቷ ሲወጡ ማንም “ተመለሺ” አይላቸውም፤ ሲከለከሉ ይናደዳሉ። ያየ ሰው ‘አኮ’ ማለትም ‘አያቴ’ እያለ፣ ሥራውን ትቶ ትንሽ አብሯቸው ይሄዳል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ያስረክባቸዋል። ይህን ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም። አንዱ ሲያደርግ ሌላው አየ፣ እንደዚያው ሆነ።

እኔም ልሞክረው ፈለግሁ። መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ከአንዲት ጎመን ሻጭ ተቀበልኳቸው። አላወቁኝም፣ ግን እጄን ያዙኝ። ቡና የጫኑ መኪኖች በአጠገባችን ያልፋሉ። አሮጊቷ በጣም ፈጣን ናቸው፤ እኔ ነኝ ያለከለክሁት።

“እማማ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?” አልኳቸው።

ገርሟቸው ቆም አሉ። “አንቺም አታውቂም?”

“አላውቅም።”

“እንዲያው ሁለታችንም ሳናውቅ! እንጠይቃ።” ጎሚስታው ጋ ወሰዱኝ፤ ጎማ ላይ አጎንብሶ ነበር። “ልጄ፣ ወዴት ነበር የምንሄደው?” አሉት።

ቀና አለ። እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ ምንም ሳይገርመው፣ በመጣንበት በኩል አመለከተ።

“ሻይ ልትጠጡ ነው፣ አኮ። ወደዚያ።”

“አየሽ?” አሉኝ። አመስግነውት ዞርን።