ማንም ያልተጫረተው ቤት

ቡሬ ቅርንጫፍ የተዛወርሁት ከፍኖተ ሰላም ነው። እዚያ ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ቡሬ ግን ማንም አልነበረኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ባንክ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ሥራዬም የብድር ክፍል ጸሐፊነት ነው። ከባሌ ከተፋታሁ ቆይቻለሁ፤ ልጅ የለኝም። ስለዚህ ዝውውር ሲመጣ አስቀድሞ የሚነሳው የእኔ ስም ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ የእህል ንግድ ስለተስፋፋ ባንኩ ለነጋዴ በሰፊው ያበድር ነበር። ነጋዴው ቤቱን አስይዞ ይበደራል፤ በቆሎ ገዝቶ መጋዘን ያስገባል፤ ዋጋ ሲወጣ ሸጦ ይከፍላል። ጥቂት ዓመት እንዲህ ሆኖ በደህና ሄደ። ከዚያ አንድ ዓመት በቆሎው ያለ ልክ ሰጠ። ገበሬው እግዜርን አመሰገነ፤ እኛም አብረን አመሰገንን። የባንክ ሰው ሊፈራው የሚገባ ጥጋብ እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዋጋው ወርዶ ወርዶ ከማሳ እስከ ገበያ ያለውን የጭነት ኪራይ እንኳ የማይሸፍን ሆነ። በውድ ገዝተው ያከማቹ ነጋዴዎች መጋዘናቸውን እያዩ ቀሩ።

ከእነሱ አንዱ ከነቀምት መንገድ በታች ሰፊ ግቢ የነበረው ሰው ነው። ቤቱን አስይዞ ተበድሮ ነበር። መክፈል ሲያቅተው አንድ ጠዋት ዓባይን ተሻግሮ ሄደ፤ ሚስቱ ቀሩ። ባንኩ ቤቱን ተረከበ፤ እስኪሸጥ ግን ዕዳው ከነወለዱ በሰውዬው ላይ ይቆጠር ነበር፤ እመቤቲቱም ከግቢው ጀርባ ባለው መንደር አንድ ክፍል ተከራዩ።

ብድር ሳይመለስ ሲቆይ ባንኩ ገንዘቡ ይጠፋ ይሆናል ብሎ ከትርፉ ላይ እየቀነሰ መጠባበቂያ ይይዛል። በቆየ ቁጥር የሚቀነሰው ይጨምራል። የእኛ ቅርንጫፍ ትንሽ ስለነበረ እንዲህ ያሉ ጥቂት ብድሮች የዓመቱን ትርፍ ጠርገው በሉት። ቦነስ እንደሌለ ዘበኛው ሳይቀር ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ቤቱ በሐራጅ የሚሸጥበትን ቀን እንጠብቅ ነበር።

ቀኑ ሲደርስ የቅርንጫፉ ግቢ ሞላ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ሴቶቹ በአጥሩ ሥር ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል።

«አዩ እትዬ? ይህ ሁሉ ተጫራች ነው!» አለኝ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡ» አለ ዘበኛው። ሥራ አስኪያጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የቤቱ ስፋትና መነሻ ዋጋው ተነበበ። ዋጋ የጠራ አልነበረም። እንደገና ተነበበ።

«ቀጥል ልጄ፣ እየሰማን ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አልቋል እኮ አባቴ። ዋጋ ጥሩ እንጂ!»

«አልቋል? እንግዲያ ሰምተናል፤ እግዜር ይስጥልን።»

ሕዝቡ ተነሣ። እመቤቲቱ በር አጠገብ ቆመው ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናዎት» እያላቸው አለፈ። የመጡት ማን እንደሚጫረት ለማየት ነበር። ከነቤተሰቡ የሚያውቁትን ሰው ቤት ከባንክ የሚገዛ በዚያ ሰፈር ሰላምታ አያገኝም።

ሥራ አስኪያጁ ግን ሕዝብ በብዛት መገኘቱን ለበላይ መሥሪያ ቤት ጻፈ። ደብዳቤውን የተየብሁት እኔ ነኝ። መልሱ፣ ይህን ያህል ፈላጊ ካለ ዋጋው አይቀነስም፣ ጠብቁ የሚል ነበር። እየጠበቅን ክረምት ገባ። ባዶ ቤት በክረምት ይፈርሳል፤ ሰው ይግባበት ተባለ። ቤተሰብ የሌለኝ እኔ ስለነበርሁ በትንሽ ኪራይ ገባሁበት።

በግቢው ውስጥ የቧንቧ ውሃ ነበር። እመቤቲቱ ሳሉ ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ይቀዳ ነበር አሉ። እኔ ስገባ መቅዳት ተወ። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ እተወው ነበር። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው በበሩ ፊት አልፈው ሩቅ ወዳለው ቦኖ ይወርዳሉ። ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ነገር ግን ቆም አይሉም። ከሥራ ስመለስ የማናግረው ሰው አልነበረም፤ ሬዲዮ እከፍትና ዜናው ሲያልቅ እዘጋው ነበር።

የሚመጡልኝ የቤቱ እመቤት ብቻ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጡና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ግቡ ብላቸው አይገቡም።

«እንዴት አደርሽ የባንኩ ሙሽራ? ባልሽ ዛሬም አልመጣ?» ይሉኛል።

«ባሌ ሰኞ ነው የሚከፍት» እላቸዋለሁ።

ከዚያ ሥራ ያዝዙኛል። የጓዳችን ጣሪያ በዚህ በኩል ያፈስሳል፤ የአጥራችን ምሰሶ ተበልቷል፤ የቤታችንን መዝጊያ ከፍ አድርገሽ ግፊው። ሁሉን ነገር «የእኛ» ነበር የሚሉት። ቅር አይለኝም ነበር። እንዲያውም ሳምንቱን ሙሉ የሚበላሽ ነገር እፈልግ ነበር፣ የምጠይቃቸው እንዳላጣ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ዋጋውን ቀነሰ፤ ቤቱ በዚህ ዋጋ ከተሸጠም የመዘግየት ቅጣቱ ተነሥቶ ዕዳው ይዘጋ አለ። ይህንኑ ለእመቤቲቱ ነገርኋቸው።

«ሐራጁ መቼ ነው?» አሉኝ።

«በሚመጣው ሳምንት ነው።»

«ይመጣሉ፤ ግቢያችሁን ይሞሉታል። አፉን የሚከፍት ግን የለም።»

«ስለሚያከብሩዎት ነው።»

«አዎ፣ አከበሩኝ። እነሱ ሲያከብሩኝ ወለዱ ይበላኛል።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሰውዬው ዕዳው ሳይዘጋ አልመጣም ብሎ ልኳል። ለእኔ ብለው ነው ዝም ያሉ፤ እንዴት አድርጌ ነው ዝም አትበሉ የምላቸው? ቤቴን ግዙልኝ እያልሁ በየቤቱ ልዙር?»

ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ግዥው» አሉኝ።

«እኔ?»

«አንቺን እንደሁ አንዴ ጠምደውሻል። ከዚህ በላይ ምን ያደርጉሻል?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ያጠራቀምሁት ገንዘብ ፍኖተ ሰላም እህቴ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ልሠራበት ያስቀመጥሁት ነበር። ጡረታ ስወጣ አብረን እንኖራለን ብለን ቦታውን አጥራ ይዛልኝ ነበር። ይህን ቤት ብገዛ ግን ያ ገንዘብ አይበቃም፤ የሠራተኛ ብድር እጨምርበታለሁ፤ ብድሩም እስከ ጡረታዬ ከደመወዜ ይቆረጣል። ይህንኑ ለእህቴ በስልክ ነገርኋት።

«እንግዲህ የቡሬ ሰው ሆነሻል» አለች።

«የቡሬ ሰው እንኳ አይሉኝም» አልኋት።

በሐራጁ ቀን ያው ሕዝብ መጣ። መነሻ ዋጋው ሲነበብ እጄን አነሣሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። «እሷማ የባንኩ አይደለች?» አለ አንዱ። እመቤቲቱ በር አጠገብ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። በሰው ፊት ግዥልኝ ብያት ነው ሊሉ አይችሉም፤ አላሉምም። ሕዝቡ እንደ ቀድሞው «እግዜር ያጽናዎት» እያላቸው ወጣ። በእኔ በኩል ያለፈ ሰው አልነበረም።

ባንኩ ራሱ አበድሮኝ ራሱ ተቀበለኝ። የማይመለሰው ብድር በእኔ ደመወዝ የሚመለስ ብድር ሆነ፤ ተይዞ የነበረው መጠባበቂያ ወደ ትርፍ ተመለሰ። በዓመቱ መጨረሻ ቦነስ ተከፈለን። ባልደረቦቼ ሻይ ቤት ወስደው ለስላሳ ጋበዙኝ።

እመቤቲቱ ከሐራጁ በኋላ እሑድ አልመጡም። ሥራ ይዟቸው ይሆናል እያልሁ ቆየሁ። ባላቸው መመለሱንም የሰማሁት ከዘበኛው ነው።

አንድ የገበያ ቀን በሩ ላይ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ ሁለቱ ቆመዋል። ሰውዬው ከስቷል። ባርኔጣውን አውልቆ ጣሪያውን ያያል።

«ግቡ እንጂ» አልኋቸው።

«በዚህ በኩል ያለው ቆርቆሮ ምስማር ይፈልጋል» አለ ሰውዬው፣ ወደ እኔ ሳያይ። አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አነሣ።

እመቤቲቱ ክንዱን ያዙት። «በል ና እንሂድ፤ የሰው ቤት ነው» አሉት። እኔን ደህና ዋይ ብለውኝ መንገዱን ይዘው ወረዱ።