ድልድዩን የምሻገርበት ሸሚዝ

ከባለቤቴ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር ጨርቅ መምረጥ ነበር። ቀበሌ ሱቅ ጨርቅ መጣ ተብሎ ቅዳሜ ጠዋት ተሰለፍን። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከዓባይ ድልድይ ማዶ ስለሆነ በሳይክል እመላለሳለሁ። በበጋው ፀሐይ ክንዴ እየተላጠ አስቸግሮኝ እጀ ረጅም ሸሚዝ ላሰፋ አስቤ ነበር።

ስስ የሆነውን አነሣሁ። እሱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርና ከእጄ ወስዶ ወደ ፀሐይ ዘረጋው።

«በዚህ ውስጥ ሰልፉ ሁሉ ይታየኛል» አለ። «ሰልፉን ካሳየኝ ፀሐይንም ያሳልፋል።»

«ወፍራሙ አያፍነኝም?»

«ሰፋ አድርገሽ አሰፊዋ። ነፋሱ በእጅጌሽ ገብቶ በጀርባሽ ይውጣ። ሰው ድንኳን መጣች ይበል።»

ድርና ማጉ ጠበቅ ያለ ነጭ ጥጥ ገዛን። በሳምንቱ ወባ ያዘው፤ ከሆስፒታል አልተመለሰም።

በሐዘኑ ሰሞን ዘመዶች ልብሴን ሰብስበው በትልቅ ድስት ጥቁር ቀለም ነከሩት። ያልተሰፋው ጨርቅም አብሮ ገባ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅም እሺ እል ነበር። ያንኑ አሰፍቼ ሥራዬን ቀጠልሁ። ሚያዝያ ነበር። ስፋቱም ጥብቀቱም እሱ እንዳለው ነው፤ ጥቁረቱ ግን ፀሐዩን ይሰበስበዋል። ቀለሙ በላብ እየለቀቀ አንገቴን ያጠቁረዋል። አንድ ቀን ስመለስ ድልድዩ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና ከነሳይክሌ ወደቅሁ። ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ሊደርስብኝ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

አማቴ ከቀብሩ ወዲህ ወደ ቤታቸው ወደ መራዊ አልተመለሱም፤ እኔው ዘንድ ናቸው። ስወድቅ የቆሰለውን ጉልበቴን እያጠቡ፣

«ከእንግዲህ ይህን ለብሰሽ ሳይክል ላይ አትወጪም» አሉኝ።

«እማማ፣ ዓመቱ ሳይሞላ ባወልቀው ሰው ምን ይለኛል?»

«ያለውን ይበል። የወለድሁት እኔ ነኝ። እኔ ካልተቀየምሁ ጎረቤት ምን አግብቶት?»

«እሱን የተውሁት ይመስለኛል።»

«አሁን ደግሞ አንቺን ላልቅስ? ድምፄ እንደሆነ ገና አልተመለሰልኝም።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ሥራውን መተው አልችልም፤ በእግርም ይርቃል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አዲስ ያሰፋሁትን ነጣ ያለ፣ ሰፊ፣ እጀ ረጅም ሸሚዝ ለብሼ ራሴን በጥቁር ሻሽ አስራለሁ። ቤት ስገባ ጥቁሩን ቀሚስ እለብስና ከአማቴ ጋር ራት እበላለሁ።