የመንገደኛው ስም

መሬት ላራሹ በታወጀ ሰሞን መካነ ሰላም አውሮፕላን ማረፊያ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። አንድ ጠዋት የቤት አከራዬ ጋሼ ይመር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ርስታቸው በቅርቡ ተወርሶ ስለነበር ሊሸሹ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

«ኮምቦልቻ በስንት ይደርሳል?» አሉኝ።

«በግማሽ ሰዓት።»

«ከዚያ ደሴስ?»

«በመኪና ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው።»

«ዛሬ የሄደ ሰው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይገባል?»

«ይገባል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔም ይበልጥ ጠረጠርኩ።

«ዕቃ አለ?»

«ባዶ እጁን ነው የሚሄደው።»

ዘበኛውን ጠቅሼ በሩ ላይ አቆምኩትና «የመንገደኛውን ስም ካልነገሩኝ አልቆርጥም» አልኩ።

ጋሼ ይመር ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የራስህን ስም ጻፍ፣ ልጄ። ማለዳ ከደሴ ተደውሎ ነበር። የእናትህን ቀብር ለዘጠኝ ሰዓት አቆይተውልሃል።»