ሰው ሲጎድል የማይጀመር ጨዋታ፦ ሰኞ ጠዋት በጁባ

ቅዳሜ፣ ከቦሌ ወደ ጁባ

ከቦሌ ስነሳ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት የመረብ ኳስ፣ ፊሽካና ሦስት ኪሎ በርበሬ ነበር። ኳሱና ፊሽካው ለሥራ፣ በርበሬው ለእታገኝ ነው። እታገኝ አብራኝ ያደገች የሰፈሬ ልጅ ናት፤ አሁን ጁባ፣ ኮሎሎ በሚባል ሰፈር የአንድ ሆቴል ገንዘብ ያዥ ሆናለች። በሆቴልና በምግብ ቤት የሚሠሩ ሐበሾችን አሰባስባ በሳምንት አንዴ መረብ ኳስ ታጫውታለች። «ተጣልተው ሊበተኑብኝ ነው። አንተ ይሄን ነገር ታውቅበታለህ፤ ናና አስተካክልልኝ» ብላ ደወለችልኝ። እኔ አዲስ አበባ የአንድ ሰፈር መዝናኛ ማዕከል ኃላፊ ነኝ። የተኳረፉ ተጫዋቾችን ማስታረቅ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሄድኩላት።

በረራው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ግራ መጋባት የጀመርኩት ግን ገና ከአውሮፕላን ሳልርቅ ነው። ጁባ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ እታገኝ ደግሞ ሰዓት ስትነግረኝ አንዴ በሐበሻ፣ አንዴ በፈረንጅ ነው። «አራት ሰዓት ላይ እቀበልሃለሁ» ያለችው የትኛው አራት እንደሆነ ስደምርና ስቀንስ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ሲሰለቸኝ ቦዳቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ጠራሁ።

«ሰላም ታኪ! ሐበሻ?» አለኝ ነጂው።

«ኮሎሎ። ቢካም?» አልኩት ዋጋውን ስጠይቅ፣ የማውቀውን አረብኛ ሁሉ ባንዴ ጨርሼ።

አሥር ሺህ ፓውንድ ጠየቀኝ፤ ስድስት ሺህ ላይ ተስማማን። ሻንጣዬን ከፊቱ ነዳጅ ታንኩ ላይ ጭኖ በውኃ ቦቴዎች መሀል እየተሹለከለከ፣ በቀዩ አቧራና በማንጎው ጥላ ሥር አበረረኝ። እታገኝ ከሆቴሉ በር ላይ አገኘችኝና «ምነው ቸኮልክ?» አለችኝ።

እሁድ፣ ሙኑኪ

በማግስቱ ቱታዬን ለብሼ ተዘጋጀሁ። እታገኝ ሳቀችብኝ።

«እሁድ እኮ የሌላው ሰው መዝናኛ ነው። ዛሬ እኛ አብሳይና አስተናጋጅ ነን። የእኛ እሁድ ሰኞ ጠዋት ናት» አለችኝና፣ እስከዚያው ዋናውን ቅሬታ አቅራቢ እንዳነጋግር ላከችኝ።

ቅሬታ አቅራቢው ሳሙኤል ይባላል። አምሳውን ያለፈ፣ ሙኑኪ በሚባል ሰፈር ትንሽ ቡና ቤት ያለው፣ ከጓሮው ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ተጋቢኖ ሽሮ አቀረበልኝና ከፊቴ ተቀመጠ።

«ደንቡን ነግራሃለች?»

«የምን ደንብ?»

«ሰው ከቀረ ጨዋታ የለም። ሁሉም ኳሱን ይዞ የቀረው ሰው ቤት ይሄዳል። እኔ በሳምንት አንዴ ልተኛ ስል ያ ሁሉ ሰው መጥቶ በሬን ይደበድባል። ባለፈው እንግዳ ነበረብኝ፤ ምን ዓይነት እንግዳ እንደሆነ አትጠይቀኝ። ይሄ መዝናኛ ነው ወይስ አፈሳ? ወይ ደንቡ ይነሳ፣ ወይ ማኅበሩ ይፍረስ!»

ከልቤ ሳቅሁ፤ እውነቱን ነው ብዬም ፈረድኩለት። እኔ ዘንድ ሰው ሲቀር ተቀያሪ ይገባል፣ አለቀ። ማታ ላይ ይህንኑ ለእታገኝ ነገርኳት።

«አንድ አስተናጋጅ ነበር» አለችኝ። «ወባ ይዞት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሞተ። አሠሪው ሥራ ጥሎ ሄደ ብሎ ሌላ ሰው ቀጠረ። እኛም አገሩ ገብቶ ይሆናል አልን። ያወቅነው ጎረቤቶቹን ሽታ ሲያስቸግራቸው ነው። ኳስ የገዛነው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ኳስ ጨዋታ ነው ወይስ ሰው ፍለጋ?»

«እሱን እንድትነግረኝ አይደል የጠራሁህ!»

ሳሙኤልም ልክ ነው፣ እሷም ልክ ናት። ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎችን እንዴት እንደሚያስታርቁ ደግሞ ማንም አላስተማረኝም።

ሰኞ ጠዋት፣ ካቶር

ካቶር ውስጥ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ በሁለት የኒም ዛፎች መሀል መረብ ተወጥሯል። አብሳዮች፣ አስተናጋጆችና እንግዳ ተቀባዮች መጡ፤ አንዳንዶቹ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ነው የመጡት። ሳሙኤል ብቻ የለም። ስልኩም ዝግ ነው።

«ሆን ብሎ ነው» አለ አንድ አብሳይ። «ብንሄድ ይሰድበናል።»

«ታሞ ቢሆንስ?» አለች አንዷ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከአዲስ አበባ ድረስ የተጠራሁት ለዚህ ነውና ደረቴን ነፍቼ «ሰውየው ተውኝ ብሏል፤ እንተወው። ጨዋታው ይጀመር» አልኩና ፊሽካ ነፋሁ።

እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ኳሱ ከላይ ሲመጣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። የሚመታው መረቡን ይመታል፣ የሚቆጥርም የለም። ያቺ የሳሙኤል የጓሮ ክፍል ከዓይኔ አልጠፋ አለች። እታገኝ ድንገት ኳሱን ቀልባ በብብቷ ያዘችና ወደ መንገዱ ሄደች። ሁላችንም ተከተልናት። በየቦዳቦዳው ሁለት ሁለት ሆነን ወደ ሙኑኪ ገሰገስን።

በሩ ገና ሳናንኳኳው ተከፈተ። ሳሙኤል ቱታውን ለብሶ ቆሟል። ከኋላው ግቢው ተጠርጎ፣ የቡና ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች በጥላው ሥር ተደርድረዋል።

«እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ሞቼ ቢሆንስ ኖሮ!»

«አትምጡብኝ ብለህ አልነበር እንዴ?» አልኩት።

«ብያለሁ! አሁንም እላለሁ!» አለና ከበሩ ገለል አለልን። «እውነት ትቀራላችሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ሌሎቹ ሲስቁ እታገኝ ፊቷን አዞረች። እኔ አፈርኩ። ከዚያ የልብስ ማስጫውን ገመድ መረብ አድርገን ተጫወትን። በመጨረሻ ደንቡ እንዲቀጥል የሚፈልግ እጁን ያውጣ ተባለ። ከሳሙኤል በስተቀር ሁሉም አወጣ። ይሁን እንጂ ስንለያይ «ኳሱ እኔ ጋ ይደር» ብሎ ይዞት ገባ።

ወደ ቤት

ለእታገኝ ምን አስተካከልኩላት? ምንም። በመመለሻ በረራዬም ነገሩን ስፈታውና ስቋጥረው መጣሁ። ሰው ተውኝ ሲል መቼ እንደሚተው፣ መቼ እንደማይተው አሁንም አላውቅም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ስንት ሰው መጣ እያልኩ ነበር ሥራዬን የምለካው፣ እነሱ ግን ማን ቀረ ይላሉ።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት ማዕከሉ ውስጥ የዳማው ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ አየሁ። ዳማ ለመጫወት ዘወትር የሚመጡት የአዛውንቱ የጋሽ ተክሌ ነው። የጨዋታ አጣማጃቸውን ጠየቅሁት።

«ቆዩ እኮ ከቀሩ» አለኝ። «ቤታቸውን? እኔ እንጃ።»

ሰፈር ለሰፈር እየጠየቅሁ አንድ የቆርቆሮ በር ላይ ደረስኩና አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

በሬን ደበደብክብኝ ብለው እንደሚያባርሩኝ ወይስ ደስ እንደሚላቸው አላወቅሁም።

«ከማዕከሉ ነኝ፣ ጋሽ ተክሌ» አልኩ። «ጨዋታ ልንጀምር ስንል እርስዎን አጣን።»