ከፊት የተቀመጥኩበት ታንኳ

ዛሬ ጠዋት ከቦንጋ መናኸሪያ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ወንበሩ ተቀዶ ኖሮ፣ ሹፌሩ በላዩ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ያረጀ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አንጥፎበታል። ዝናብ የጠጣ ስፖንጅ ሽታው አፍንጫዬ እንደገባ፣ ለመስክ ሥራ የመጣሁ የሁለት ልጆች አባት መሆኔን ረስቼ አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ አልኩ ማለቴም ለአነጋገር ነው፤ በዚያ ዕድሜዬ ቁጭ ብዬ አላውቅም።

አባቴ የመንገድ ቀያሽ ነበርና፣ አንዱን ከተማ ለምደን ሳናበቃ የዝውውር ደብዳቤ ይመጣል። ቦንጋ በገባን በሁለተኛው ክረምት፣ ቤት ውስጥ የምሰብረው ዕቃ ሲያልቅብኝ፣ የወጣቶች የክረምት ካምፕ አስመዘገበኝ። ካምፑ በጅማ መንገድ፣ ወደ ጎጀብ የሚወርድ አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ነበር፤ ጎጀብንማ በክረምት ጤነኛ ሰው አይደፍረውም። አሰልጣኛችን ጋሽ ደምሴ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሲቀዝፍ ያደገ የስፖርት መምህር ነው። ፈረንጆች ትተዋቸው የሄዱትን ሁለት የፕላስቲክ ታንኳዎች አግኝቶ፣ ዋና እንኳ በቅጡ የማንችል ልጆችን አረፋ እየደፈቀ ከሚወርድ ውሃ ጋር ሊያስታርቀን ቆርጦ ተነስቶ ነበር።

በአንድ ታንኳ ሁለት ሰው ነው። «ረጋ ያለው ከኋላ ይምራ፣ ጉልበት የተረፈው ከፊት ይቅዘፍ» ብሎ አስራትን ከኋላዬ ሲያስቀምጠው አኩርፌ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ፤ ማታ የሁለት ሰው በላሁ። አስራት ቦንጋ አጠገብ ያለው የማንኪራ ቀበሌ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅል ያደገ፣ ምንም ነገር የማያስቸኩለው።

ከትምህርቱ ሁሉ ያቃተኝ አንድ ነገር ነበር። ታንኳው ድንጋይ ሲገጥመው ወደ ድንጋዩ ዘንበል ማለት ያስፈልጋል፤ ከሸሸኸው ውሃው በወዲያኛው ጎን ገብቶ ይገለብጥሃል። ጋሽ ደምሴ ከዳር ሆኖ «እቀፉት! ድንጋዩን እቀፉት!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል፤ እኔ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር እሸሻለሁ፤ እንገለበጣለን። አስራት ውሃ እየተፋ ይወጣና፣

«አንተ ቀስ በል፤ ንብ የሚቸኩል ሰው አይወድም» ይለኛል።

«ውሃ ንብ ነው እንዴ?»

«ውሃም አይወድም።»

በካምፑ መዝጊያ ቀን «ነጩ» የምንለውን፣ ከመኪና መንገዱ ድልድይ በላይ ያለውን የአረፋ ቦታ ልንወርድ ነበር። እሱን ሳልወርድ ቦንጋን ብለቅ ዕድሜ ልኬን የሚቆጨኝ መሰለኝ። የዝውውሩ ደብዳቤ ግን ቀደመኝ፤ አባቴ ዕቃ የምንጭንበትን ቀን ቆረጠ፤ ያንኑ የመዝጊያውን ቀን። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ እናቴን አማላጅ ላክሁ። አባቴ ውሃ የሚፈራ ሰው ነው፤ ሆኖም በመጨረሻ «አይሱዙው ድልድዩ ላይ ይቆማል፤ ጥሩንባ ሲነፋ ውሃ ውስጥም ብትሆን ወጥተህ ትመጣለህ» አለኝ።

ተራችን የመጨረሻው ሆነ። የመጀመሪያውን ጥሩንባ የሰማሁት ታንኳችን የነጩ አፍ ላይ ስትደርስ ነው። ወዲያው ትልቁ ድንጋይ ፊቴ ተገተረ። አስራት ከኋላዬ «እቀፈው!» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሸሸሁም። ክንዴ እስኪላጥ ተጋደምኩበት፤ ታንኳዋ ተንሸራታ አለፈች፤ ሳንገለበጥ ጸጥ ያለው ውሃ ላይ ወጣን። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከኋላዬ ያ ቀርፋፋ ልጅ እየተንከተከተ ይስቃል።

ጥሩንባው ደገመ። ታንኳዋ ዳር ሳትነካ ዘልዬ ወረድኩና ጭቃውን እየቧጠጥኩ ወደ መንገዱ ሮጥኩ። ጋሽ ደምሴ «ጃኬቱን! አንተ ልጅ፣ ጃኬቱን!» ሲል ሳልቆም አውልቄ ወረወርኩለት። ዕቃው ላይ ወጣሁ፤ አይሱዙው ተንቀሳቀሰ። ወደ ኋላ ያየሁት መታጠፊያውን ካለፍን በኋላ ነው።

ስንት ከተማ ኖርኩ፣ ስንት ሰው ተሰናበትኩ፤ የቆጨኝ ግን ይሄ ነው። ያን ክረምት ሙሉ ለአስራት ጀርባዬን ሰጥቼ ከረምኩ፤ ማዕድ ላይ እንኳ ቀድሜው ጎርሼ የምነሳ እኔ ነበርኩ። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መልኩ ግን፣ ስንት ሌሊት ብፈልገው፣ ጠፍቶብኛል።

ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ትቼ ገበያ ወረድኩና ማር የሚሸጡ የማንኪራ ሰዎችን ጠየቅኩ።

«የቱ አስራት?» አሉኝ። «ረጅሙ ነው ወይስ ጠይሙ?»

«አላውቅም» አልኳቸው። «ጓደኛዬ ነበር።»