የመተማው ሸረሪት

ወረታ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ ሸረሪት ስመለከት ያየኝ ሰው ሁሉ በጤናዬ ይጠራጠራል። ባለፈው መስከረም ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ላይ ዝናብ ያዘኝና ሩዝ አምራቹ አያ ታከለ ቤት ተጠለልሁ። እዚያም ግድግዳው ላይ አንድ ዘላይ ሸረሪት አየሁ። እንዲህ ያለው ድር አድርቶ አይጠብቅም፤ እንደ ድመት አድብቶ ዘሎ ነው የሚይዝ። የማውቀው ግን የደረቅ በረሃ ነዋሪ መሆኑን ነው። ውሃ በተኛበት በፎገራ ሜዳ ምን ይሠራል?

«አያ ታከለ፣ ይህን ከዚህ በፊት አይተውት ያውቃሉ?»

«እዚህስ አላየሁም። ልጄ መተማ በረሃ ሰሊጥ ሲያርም ከርሞ የመጣ ዕለት ነው፣ ከጆንያው ዱብ ያለው።»

አዲስ መኖሪያ አገኘሁለት ብዬ ነበርና ቅር አለኝ። ቢሆንም ጠርሙስ ይዤ እስክመለስ እንዳይነኩት ለመንኋቸው።

«ምን ሊሆንህ?» አሉኝ።

«የት የት እንዳለ፣ ስንት እንደቀረ በወጉ የሚያውቅ የለም። እኔ እንደምፈራው እያለቀ ነው። አልኮል ውስጥ ነክሬ ለሚያጠኑት ሰዎች እልከዋለሁ።»

አያ ታከለ ጠጋ ብለው ሸረሪቱን አዩት።

በሦስተኛው ቀን ጠርሙሴን ይዤ፣ ጭቃውን እያቦካሁ ብመለስ ግድግዳው ባዶ ነው።

«ሸረሪቱስ?» አልኋቸው።

«ልጄ ትናንት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲመለስ፣ በክብሪት ቀፎ አድርጌ ሰደድሁት» አሉኝ ረጋ ብለው። «እያለቀ ነው ስትለኝ ጊዜ፣ አንድም ቢሆን እዚያ ለቀሩት ዘመዶቹ ይጨመርላቸው ብዬ።»