አንተ በይኝ

ባገባኝ ሰሞን ባሌ ቁርስ ላይ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ በይኝ» አለኝ።

ያደግሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ በቄስ ቤት ነው። እናቴ አባቴን «አንቱ» እንጂ ሌላ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ባሌ ደግሞ አዲስ አበባ ተምሮ ፍኖተ ሰላም የተመደበ፣ ከረባት የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በዕድሜም ብዙ ይበልጠኛል።

«እንዴት አድርጌ?» አልሁ።

«ባልና ሚስት እኩል ናቸው። የሠለጠነ ሰው ሚስቱን አያንቀጠቅጥም።»

ሐሳቡ ደስ አለኝ፤ ምላሴ ግን እምቢ አለ። «አን...» እልና አንገቴ ድረስ ይሞቀኛል። ስለዚህ ማንንም የማይጠራ ንግግር አበጀሁ። «ይብሉ» ላለማለት «ምሳ ቀርቧል»፣ «ይምጡ» ላለማለት «ደጅ ሰው አለ»። እንዲህ ስሽሎከለክ ስውል መንጋጋዬን ያመኝ ነበር።

ነቃብኝ። አንድ እሑድ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን ጋብዞ፣ በፊታቸው «እስቲ ብላ በይኝ» አለኝ። ሁሉም ዓይናቸውን ጣሉብኝ።

«ብላ» አልሁ፣ ወለሉን እያየሁ።

አጨበጨቡ። አንዱ መምህር «ይኸ ነው ዘመናዊ ትዳር!» አለ። የባሌ ፊት በራ። እኔ ሰሌዳ ፊት እንደ ወጣ አዲስ ተማሪ ቆሜ ቀረሁ።

አፍ ይለምዳል። ክረምቱ ሲወጣ «አንተ» ሳላስበው ያመልጠኝ፣ እንዲያውም ይጣፍጠኝ ጀመር።

ይኸኔ እናቱ መስቀልን አብረውን ሊውሉ ከሽንዲ በኩል መጡ። ማዕድ ቀርቦ፣ ቆሜ እያስተናገድሁ ሳለ ባሌን «ምነው አልበላህም?» አልሁት።

አማቴ እጃቸውን ከመሶቡ መለሱ። ባሌ ወደኔ ሳያይ፣ «ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትናገሪ?» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ራስህ አይደለህ ያልኸኝ?» ልለው አፌ ላይ ደረሰ። እሱን እናቱ ፊት ማሳጣት ሆነብኝና ዋጥሁት። ይቅርታ ልጠይቅ ብል ደግሞ፣ አንተን ነው አንቱን?

«ይቅር ይበሉኝ» አልሁ በመጨረሻ።

በማግስቱ በርበሬ ስነፋ አማቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ።

«ማን አስለመደሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

ወንፊቱን ፈጠን አድርጌ መንፋት ያዝሁ።

«እሱ ነው?»

«አዎን፣ እማማ።»

ከት ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ከበደ። «እኔ አባቱን አንቱ እያልሁ ኖሬ፣ አንቱ እያልሁ ቀበርኋቸው። ከፋም ለማም አንድ ቃል ነበረኝ። አንቺ የመጣውን ሰው እያየሽ ልትናገሪ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንጃ ልጄ። እኔ ስሄድ እንዳላችሁት ሁኑ። እኔ ሳለሁ ግን አንተ አትበይው፤ እሱ ይፈራል።»

ወንፊቱን ይዤ ቀረሁ። እስከዚያ ቀን በዚያ ቤት የምፈራ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የሄዱ ዕለት ባሌ እስከ መንገዱ ሸኝቷቸው ተመለሰና መስተዋት ፊት ቆሞ ከረባቱን ያስተካክል ጀመር። «ነገ ጓደኞቼ ይመጣሉ። እንደ በፊቱ ሁኚ» አለኝ።

«እንደ የትኛው በፊት?»

መስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

ኋላ ወደ ደምበጫ ተዛወርን፤ ልጆችም ወለድን። እሱ እስኪያርፍ ድረስ ሁለቱንም ቃል ይዤ ኖርሁ። በር ሲንኳኳ፣ የመጣው ማን እንደሆነ ሳላውቅ አፌን አልከፍትም ነበር። እሱም የጀመረውን ወሬ አቋርጦ አብሮኝ ያዳምጥ ነበር።